የተጠረገው ግቢ

ጎንደር፣ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ሰንበቴ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች። ጠዋት ሱቋን ስትከፍት መጀመሪያ የምታደርገው በጣሳ ውሃ ይዛ ደጇን መርጨት ነው፤ ከዚያ ትጠርጋለች። ደረቁ አፈር ውሃውን ሲጠጣ የሚያወጣው ሽታ መንገዱን ተሻግሮ በመስኮቴ ይገባል። ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ዝናብ ዝናብ ይሸታል ይላሉ። እኔ መስኮቱን እዘጋለሁ። ሰንበቴ አስተውላኝ ኖሯል፣ አንድ ቀን «አንቺ ሴት፣ በእኔ ላይ ነው የምትዘጊው በአቧራው?» ብላ አፋጠጠችኝ። ሳቅ ብዬ «በአቧራው ነው» አልኳት። እውነቱን ብነግራት ደጇን በሰላም የምትጠርግ አይመስለኝም።

ሽታው የሚወስደኝ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ወደተቃረበበት በጋ፣ እማሆይ ወደሚጠርጉት ግቢ።

ቤተ ክርስቲያናችን ከከተማው ዳር፣ የማሽላው ማሳ ከሚጀምርበት ነበረች። ቤተ ክርስቲያን ስል ጉልላትና ደወል ያለው ሕንፃ እንዳይታሰባችሁ። አራት የጭቃ ጡብ ግድግዳ፣ በላዩ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ላይ አባቴ ከውሃ ቧንቧ ቁራጭ ያበጀው መስቀል፣ በቃ። አባቴ ልጃለም ግንበኛ ነበር። በመኸር ፋሽጋ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል፤ በበጋ ለገዳሪፍ ሰው ቤት ይሠራል። ያችን ቤተ ክርስቲያን ግን ዓርብ ዓርብ፣ አገሩ ሁሉ ሥራ በሚፈታበት ቀን፣ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ሆኖ ያለ ዋጋ ነው ያቆማት። ፈቃድ ተጠይቆ ነበር። «ነገ ተመለሱ» እየተባለ ዓመታት አለፉና ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው ጀመሩት። የዚያን ጊዜው መንግሥት አዲስ ቤተ ክርስቲያን እንዲቆም አይፈቅድም፣ የቆመውንም በክፉ ዓይን ያየዋል። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ደወል የሌለን መሆኑን ብቻ ነበር። በደወል ፈንታ እማሆይ ሰንበት ማለዳ ቤት ለቤት እየዞሩ በር ይቆረቁሩ ነበር።

እማሆይ ከአርማጭሆ በረሃውን በእግራቸው አቋርጠው የመጡ መነኩሲት ናቸው። ከግቢው ጥግ ባለች የሸንበቆ ጎጆ ይኖራሉ። ቁመታቸው ከእኔ ብዙም አይበልጥም፣ ቁጣቸው ግን ግቢውን ይሞላል። እኔ ከትምህርት ቤት በፊት ውሃ እረጭላቸው ነበር። «ቀስ! መሬት ነው የምትረጪው አህያ ነው የምታጥቢው?» ይሉኛል። መጥረጊያቸው ተወቅቶ የተጣለ የሰሊጥ ጭራሮ ነው። ከምሥራቅ ይጀምሩና ወደ ኋላቸው እየሄዱ ይጠርጋሉ፤ የራሳቸው የእግር ዱካ እንኳ እንዳይቀር። በሩ ላይ ሲደርሱ ግቢው ሰው ረግጦት የማያውቅ ይመስላል። አንዲት ቅጠል ከቀረች ጆሮዬን ይቆነጥጣሉ፤ ቆንጥጠው ሲያበቁ ደግሞ ከኪሳቸው የተቆላ ሽምብራ አውጥተው እፍኝ ይሰጡኛል። እፈራቸው ነበር፣ እወዳቸውም ነበር።

በትምህርት ቤታችንም መጥረግ ነበር። በዓመት አንድ ቀን ሙፈትሽ፣ ማለት ተቆጣጣሪ፣ ከትልቁ መሥሪያ ቤት ይመጣል ይባልና ትምህርት ይቆማል። ድንጋዩን በኖራ እንቀባለን፣ የተሰበረውን ወንበር ከጓሮ እንደብቃለን፣ የታመመ ልጅ ቤቱ እንዲውል ይደረጋል። ሙፈትሹ አይቶ ፈገግ ካለ አስተማሪዎቹ ይደሰታሉ፤ በማግሥቱም አንገረፍም። ከሩቅ ሊያይ የሚመጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የተማርኩት እንዲህ ነው።

በዓቢይ ጾም አንድ ማለዳ፣ ግቢው ተጠርጎ ገና ሳይረገጥ፣ ዶዘር መጣ። ከኋላው ፖሊሶችና ቦክስ የምንላት ከኋላዋ ክፍት የሆነች መኪና። አባቴ ግድግዳ ሊለስን መጥቶ እዚያው ነበር። ሰዎቹ አንድ ወረቀት አወዛወዙ፣ አላነበቡልንም። አባቴ ከበሩ ፊት ቆሞ እጆቹን ዘረጋ።

«አታፍርሱ አላልኩም» አለ በዓረብኛ። «ታቦቱ እስኪወጣ ብቻ። ቄሱ ይምጣ። እኛ አንነካውም።»

የሚያዘው መኮንን የገባው አልመሰለም። እንዴትስ ይግባው፤ ቤቱን በገዛ እጁ የሠራ ሰው ከውስጡ ያለውን አንድ ነገር መንካት አይችልም ቢሉት ማን ያምናል? አንዱ ፖሊስ በጠመንጃው ሰደፍ ግንባሩን መታው። ደሙ የበሩ መቃን ላይ ተረጨ። አባቴ አልወደቀም፣ እጆቹንም አላወረደም። አንድ ሰው ቄሳችንን አባ ክንፉን ሊጠራ ሮጦ ነበርና ደረሱ። ታቦቱን ሸፍነው በራሳቸው ተሸክመው ሲወጡ ሁላችን መሬት ላይ ተደፋን፤ ከፖሊሶቹም አንዳንዶቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ያን ጊዜ አባቴ እጆቹን አወረደ። ያዙትና ቦክሷ ላይ ጫኑት፤ ዶዘሩም ግድግዳውን መግፋት ጀመረ።

ቦክስ ለእኔ የሥራ መኪና ነበረች። ጠዋት የቀን ሠራተኛ ሰብስባ ቁረይሻ እርሻ ትወስዳለች፣ ማታ ትመልሳለች። እናም እጄን አውለበለብኩለት። እሱም በደሙ ውስጥ ሆኖ ሊያውለበልብልኝ ሞከረ፤ እጆቹ ግን ታስረው ነበር።

ማታ አልተመለሰም።

በእኛ ዘንድ የዱሮ ሴት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ ነውር ነው። እናቴ «እሱ» ትላለች፤ ሰው ፊት ሲሆን «የትርንጎ አባት»። ትርንጎ እኔ ነኝ። ስለዚህ ምግብ ቋጥራ ወደ ጸጥታ መሥሪያ ቤቱ ስትሄድ እኔን ታስከትላለች። ዘበኛው «ማንን ብለሽ ነው?» ሲላት እኔን ትጎነትላለች፤ እኔ «ልጃለም አስፋው» እላለሁ። «በዚህ ስም የተያዘ ሰው የለም» ይላል ዘበኛው። ምግቡን ግን ይቀበለናል። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ እናቴ አገላብጣ እያየች፣ እሱ ነው የበላው ትላለች። የቀረውን ፍርፋሪ አይታ የእሱ አቆራረስ መሆኑን ለየሁት የምትልበት ቀንም ነበር። እኔ የማየው የዘበኛውን ቦርጭ ነበር።

ፋሲካ በዚያ መሐል ደረሰ። ግቢውን ፖሊስ ይጠብቀዋል፣ ማንም አይገባም። ታቦቱ የት እንዳለ የሚያውቁት አባ ክንፉ ብቻ ናቸው። በዓሉን በአንድ ቤት ውስጥ ተጠጋግተን አከበርን፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ አፍነው እልል አሉ። እልልታ በሹክሹክታ ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ አላውቅም። እኔ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳይ እውነትም ያለቅሳሉ።

ወሬውን ያመጡልን ሐጂ ኑሩ ናቸው። የጎንደር እስላም ናቸው፤ ገበያው ውስጥ ስኳርና ሻይ ይነግዳሉ፣ ካርቱም ካሉ ነጋዴዎች ጋር ይገናኛሉ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ቤታችን መጥተው በር ላይ ቆሙ፤ ቁጭ በሉ ቢባሉም እምቢ አሉ።

«እህቴ፣ ስሚኝ» አሉ እናቴን። «ኸዋጆች ሊመጡ ነው፣ የውጭ ሰዎች። መንግሥት በሰው ላይ የሚያደርሰውን እየዞሩ ያያሉ፣ ይጽፋሉ። የፈረሰውን ያያሉ፤ ከእናንተ ወጥተው እስር ቤቱን ይጎበኛሉ። ስሙን ንገሯቸው። ሌላ ወሬ አያስፈልግም፣ ስሙን ብቻ። ኸዋጃ በስሙ የጠየቀውን ሰው እነዚህ እንደዋዛ አያጠፉትም።»

«ካልጠየቁትስ?» አለች እናቴ።

ሐጂ መሬት መሬት አዩ። «አላህ ያውቃል» አሉ።

ወሬው ከቤት ቤት ሲዞር ግን «ኸዋጆች ሊያዩ ይመጣሉ» የሚለው መንገድ ላይ ቀረና «እንግዳ ይመጣል» የሚለው ደረሰ። እንግዳ ይመጣል ከተባለ ደግሞ የእኛ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

እማሆይ ወገባቸውን ታጠቁ። «እንዲህ ሆነን እንግዳ እንቀበል? ሰው ምን ይለናል!» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ወጡ። የሚገርመው፣ እስከዚያ ቀን አንድ ጠጠር እንዳናነሣ የከለከለን ፖሊስ ልናጸዳ ነው ስንለው ዝም አለ። ጭራሽ ባሬላ አዋሰን። አባ ክንፉ ከፍርስራሹ ውስጥ የተቀደደውን ሥዕል፣ የተጨፈለቀውን ከበሮ፣ የተበጣጠሰውን መጽሐፍ ለቅመው፣ በእግር እንዳይረገጥ ብለው፣ ጸሎት አድርገው በጥልቅ ጉድጓድ ቀበሩት፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነው። ጠማማው ቆርቆሮ ከጓሮ ተጣለ። ደኅናው ጡብ ከተሰባበረው ተለይቶ ቀጥ ብሎ ተደረደረ። መቅደሱ የነበረበት ላይ ንጹሕ አሸዋ ፈሰሰ። የዶዘሩን ዱካ እኔና እማሆይ አጠፋነው፤ እኔ እየረጨሁ፣ እሳቸው ወደ ኋላ እየሄዱ። ሳይወድቅ የቀረው የበሩ መቃን ብቻ ነበር። እናቴ በሳሙናና በአመድ አጠበችው። «ደም ለእንግዳ አይታይም» አለች። እያጠበች ታለቅስ ነበር፤ ግን አጠበችው።

እኔ በደስታ ልፈነዳ ነበር። ሙፈትሽ ይመጣል፤ ግቢው አምሮ ያየዋል፤ ፈገግ ይላል፤ አባቴን ይለቁታል። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር። እንደዚያ ሳምንት ተጠንቅቄ ውሃ ረጭቼ አላውቅም።

በቀኑ ራኩባ፣ ማለት የሣር ዳስ፣ ተተክሎ ምንጣፍ ተነጠፈ። በግ ታርዶ ወጡ እሳት ላይ ነው። ሴቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ልጆች እንዳንረብሽ እማሆይ ጎጆ ውስጥ ተከተትን፤ እኔ በሸንበቆው ቀዳዳ አያለሁ። ሐጂ ኑሩ አንድ ሳጥን ለስላሳ አስይዘው መጡና ከበሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ምን አደረጋችሁት?» አሉ።

«ምን አደረግነው?» አሉ እማሆይ ኮራ ብለው።

«ጠረጋችሁት!»

«ታዲያ እንግዳ ፍርስራሽ ላይ ይቀመጥ?»

ሐጂ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ መኪኖቹ ደረሱ።

ኸዋጆቹ ሁለት ናቸው፤ ባርኔጣ ያደረገች ረጅም ሴትና ካሜራ ያንጠለጠለ ወንድ። አስተርጓሚው ወጣት ሱዳናዊ ነው። ከሁለተኛው መኪና ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ የጸጥታ ሰው ወረደ፤ ፈገግታው ከፊቱ አይጠፋም። ሁላችንም እናውቀዋለን። አባቴ የተጫነ ዕለት ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው እሱ ነበር።

«እንዴት ናችሁ? ትላለች» አለ አስተርጓሚው በዓረብኛ።

አባ ክንፉ ከወንበራቸው ተነሡ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። እናንተስ ደኅና ናችሁ? ቤተሰብ ደኅና ነው? መንገዱ አልከበዳችሁም?»

አስተርጓሚው ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ነገራት። ሴትዮዋ ጻፈች።

«ችግር አላችሁ ወይ? ትላለች።»

«ችግርማ…» አባ ክንፉ ወደ እሳቱ አዩ። ወጡ አልደረሰም። ላልበላ እንግዳ መከራን ማውራት ገና ሳያርፍ ሸክም መጫን ነው። «መጀመሪያ አረፍ በሉ። ትንሽ እህል ቅመሱ። ከዚያ ሁሉንም እንጫወታለን።»

ፈርተው ነው ያልተናገሩት የሚሉ አሉ። አባ ክንፉ ፈሪ አልነበሩም። ወጡ ስላልደረሰ ነው።

ሴትዮዋ ግቢውን ዞራ አየች። ከተደረደረው ጡብ አጠገብ ቆመች። «ይህ አዲስ ለምትሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው? ትላለች።»

«እግዚአብሔር ከፈቀደ» አሉ አባ ክንፉ። ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሌላ ምን መልስ አለ?

«ኩሉ ተማም» አለ የጸጥታው ሰው፤ ሁሉ ነገር ደኅና ነው ማለቱ ነው።

ባለካሜራው ነጭ የለበሱትን ሴቶች አሰልፎ ፎቶ አነሣቸው። ያ ፎቶ ዛሬም የሆነ ቦታ ይኖራል። ያየው ሰው፣ እንዴት ያማረባቸው ናቸው ይል ይሆናል።

እናቴ ማስታጠቢያ ይዛ ወጣች። በሴትዮዋ እጅ ላይ ውሃ ስታፈስ ፊታቸው ሊነካካ ደረሰ። አሁን ትናገራለች ብዬ ወደ ቀዳዳው ይበልጥ ተጠጋሁ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ስሙ ግን አፏ ለምዶት የማያውቅ ስም ነው፤ የምትጎነትላት ልጅም ከጎኗ የለችም። «የትርንጎ አባት…» አለች በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። ሴትዮዋ አንገቷን ሰበር አድርጋ አመሰገነቻትና ፎጣውን ተቀበለች።

የጸጥታው ሰው ሰዓቱን አየ። «ያላ» አለ። «እስር ቤቱ ይጠብቀናል። ከዚያ ሳይመሽ ኸሽም ኤል ቂርባ መግባት አለብን።»

ኸዋጆቹ ተነሡ። ያን ጊዜ ግቢው ታመሰ። «ሳትበሉ?» «በሞቴ!» «አፈር ስሆን፣ አንድ ጉርሻ!» እማሆይ የሴትዮዋን እጅጌ ይዘው ጎተቱ። አባ ክንፉ መስቀላቸውን አውጥተው ለመኑ። ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ይጮሃል፣ ሁሉም ስለ ምግብ ነው የሚጮኸው። ሐጂ ኑሩ ብቻ በዓረብኛ «የታሰረ ሰው አለ! ስሙን ጻፉ!» ማለት ጀመሩ። በዚያ ጫጫታ መሐል የሰማቸው የጸጥታው ሰው ነው። ክንዳቸውን ይዞ፣ እየሳቀ፣ ወደ ዳር አወጣቸው።

የመኪናው በር ተዘጋ። እናቴ ማስታጠቢያውን ጣለችው። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ መኪናውን ተከትላ ሮጠች።

«ልጃለም!» ስትል ሰማሁ። «ልጃለም! ልጃለም አስፋው!»

ከተወለድኩ ጀምሮ ስሙን ከአፏ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። የማላውቀውን ሰው የምትጠራ መሰለኝ። ሴትዮዋ ከመስተዋቱ ወዲያ ዞር ብላ አየቻት። ፈገግ ብላ እጇን አውለበለበችላት።

ወጡን የበላው የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እማሆይ ብድግ ብለው ወደተደረደረው ጡብ ሄዱ። አንዱን አነሡና ወረወሩት። ሌላውንም ወረወሩት። ማንም አልከለከላቸውም። ድርድሩ እስኪያልቅ ወረወሩ፤ ጠማማውን ቆርቆሮ ከጓሮ ጎትተው መሐል አመጡት፤ አሸዋውን በእግራቸው በተኑት። የበሩን መቃን ግን ቆመው አዩት። በነጠላቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። ደሙን መመለሻ አልነበረም።

በማግሥቱ ጣሳዬን ሞልቼ ስመጣ ከጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መጥረጊያው ጣራ ላይ ተወርውሯል።

«ውሃውን ወደዚያ ድፊው» አሉኝ።

«አንጠርግም?»

«አንጠርግም። ይዩት።»

«ማን?»

«የሚመጣ አይጠፋም» አሉ።

ማንም አልመጣም። የሐጂ ኑሩ ሱቅ በዚያው ሳምንት ታሸገ። ሰኔ ገባና ዝናቡ ጡቡን መልሶ ጭቃ አደረገው፤ የዚያ አገር ጥቁር አፈር ደግሞ የጣሉበትን ሁሉ ይውጣል። እማሆይ ከጎጇቸው ሆነው ሲሟሟ ያዩት ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከእስር የተፈታ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ሐጂ ኑሩን አፈላልጎ አገኛቸውና ወደ ቤታችን አመጡት። ከአባቴ ጋር በአንድ ክፍል ታስሮ ነበር። አባቴ ዝናቡ እንደጀመረ በንዳድ መሞቱን ነገረን። የት እንደተቀበረ አያውቅም። እናቴ አልጮኸችም። «ኸዋጆቹ የመጡ ዕለትስ?» ብቻ አለች።

ሽማግሌው ሐጂን አየ፤ ሐጂ ቀና አላሉም።

«ያን ዕለት ደኅና ነበር» አለ። «ጠዋት ግቢውን እንድንጠርግ አዘዙን። እሱ ውሃ ይረጭ ነበር፤ ልጄም እንዲህ አድርጋ ትረጫለች ይለን ነበር። ስንጨርስ የእኛን ክፍል ሰዎች ከኋላ ባለው መጋዘን ቆለፉብን። እንግዶቹ ሲገቡ ድምፃቸውን ሰማን። እሱ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ቆመ። ‹ሰዎቼ ነግረዋቸዋል፣ አሁን ስሜን ይጠራሉ› ይለን ነበር። መኪኖቹ ከሄዱም በኋላ ከበሩ አልተነሣም።»

እናቴ ዛሬ ከእኔ ጋር ናት። ጠዋት ሰንበቴ ደጇን ስትረጭ እኔ መስኮቱን ለመዝጋት እሮጣለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሽታው ይቀድመኛል። ያን ጊዜ እናቴ ከአልጋዋ ቀና ትላለች። «ልጃለም!» ትላለች፣ ከተቆለፈ በር ወዲያ ላለ ሰው እንደሚባለው፣ ጮክ ብላ።